ከንፋስ ስልክ እስከ መነን ትምህርት ቤት

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ሳምንት አንዲት አጭር መንገድ አብረን እንድንሄድ እጋብዝዎታለሁ። ሻንጣም ሆነ ስንቅ አያስፈልግም፤ ለታክሲ የሚሆን ጥቂት ገንዘብና ከቢሮ ወይም ከክፍል የተገኘ የግማሽ ቀን ፈቃድ ይበቃል። መነሻችን በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው ንፋስ ስልክ ነው። መድረሻችንም ስድስት ኪሎ አጠገብ ያለ አንድ የትምህርት ቤት በር ነው። መንገዱ አጭር ይምሰል እንጂ ታሪኩ እስከ ስዊስ አገር ይሄዳል፤ ሲመለስም በጣሊያን ደሴት እስር ቤት በኩል ያልፋል።

ስሙ ከየት መጣ?

ማለዳ በአንድ ሰዓት ንፋስ ስልክ ዋናው መንገድ ዳር ቢቆሙ ከተማው ሲነቃ ያያሉ። የጭነት መኪናው ወደ ሳሪስ እያጓራ ይወርዳል፤ የታክሲው ረዳት «ስታዲየም! ስታዲየም!» እያለ ይጣራል፤ በአንዲት ትንሽ ሻይ ቤት በር ላይ ፓስቲው ከዘይት እየወጣ ይደረደራል። በዚህ ሁሉ መካከል የደንብ ልብስ የለበሱ ሴቶች ልጆች ደብተራቸውን አቅፈው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ያልፋሉ። እነዚህን ልጆች ልብ ይበሉልኝ፤ የዛሬው ጉዟችን በእነርሱ ምክንያት ነው።

ክፍለ ከተማው ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ሰፊ ነው፤ ጎፋን፣ መካኒሳን፣ ለቡን፣ ጀሞን፣ ሃና ማርያምን ሁሉ ያቅፋል። በከተማችን የሰፈር ስም ታሪክ አዋቂ ነው፤ ቢጠይቁት ይናገራል። ሳር ቤት ሲባል የሳር ክዳን ቤት የታየበት ዘመን ይታወሳል። ላፍቶም በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው፤ ዛሬ ፎቅ የበቀለበት መሬት ቀድሞ ምን ያበቅል እንደ ነበር ከዚህ ስም እንረዳለን።

ንፋስ ስልክ ግን ስሙን ከዛፍ ወይም ከቤት አላገኘም፤ ያገኘው ከመሣሪያ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ስልክ መልእክቱን የሚያደርሰው በእንጨት ላይ በተዘረጋ ሽቦ ነበር። ሽቦው ከተቆረጠ ወሬው ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ሽቦ የማይሻው መሣሪያ መጣ። ይህ መሣሪያ ቃሉን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ ከረጅም ምሰሶ ላይ ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ ሩቅ አገር ያለው ሌላ መሣሪያም ይቀበለዋል። ሰዉ ይህን አይቶ፣ ቃል በነፋስ ላይ ተጭኖ የሚሄድ መስሎት፣ «የነፋስ ስልክ» አለው። የመሣሪያውም ስም የሰፈሩ ስም ሆነ። በ2008 ዓ.ም. መባቻ ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደው የከተማ ባቡር ሥራ ሲጀምርም፣ በዚህ ሰፈር ያሉት ጣቢያዎች ይህንኑ ስም ወረሱ። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ሁሉ ንፋስ ስልክ መሆኑን ስናስብ ግን፣ ያን ስም ያወጣው ሰው ምን ያህል አርቆ እንደ ሰየመ ያስደንቀናል።

ለዛሬው ጉዞ የምንፈልገው አንድ ታሪክም ከዚሁ ከገመድ አልባው ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። በ1928 ዓ.ም. መባቻ ሰሞን፣ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበራችንን ሊሻገር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ እቴጌ መነን ከአዲስ አበባ በራዲዮ ለዓለም ሴቶች ንግግር አደረጉ። ጦርነት እንዳይነሣ የየአገሩ ሴቶች ድምፃቸውን እንዲያሰሙ ለመኑ። አንዲት ኢትዮጵያዊት በዚያ ጊዜ ያለ ሽቦ ከዓለም ሴቶች ጋር ተነጋገረች ማለት ነው። ጦርነቱ አልቀረም፤ ሆኖም እኒሁ እቴጌ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሌላ መልእክት ልከው ነበር። ያም መልእክት በስማቸው የተከፈተው የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። አሁን ወደዚያ እንሂድ።

በታክሲ ውስጥ

ታክሲያችን ጎተራን አልፎ በላንቻ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ይወጣል። ይህን መንገድ ባለፈው ጊዜ ስሄድ ከጎኔ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተቀምጣ ነበር። ደብተሯን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትምህርቷን ታጠናለች። ሥራ ማስፈታቴን እያወቅሁ፣

«እኅቴ፣ ይህ ሰፈር ስለ ምን ንፋስ ስልክ ተባለ?» አልኋት።

«ነፋስ ስለሚበዛበት ይመስለኛል፣ ጋሼ» አለችኝ።

ፈገግ ብዬ ሁለተኛ ጥያቄ ጨመርሁ። «ወይዘሮ ስንዱ ገብሩንስ ታውቂያቸዋለሽ?»

ጥቂት አሰበችና «የሰፈራችን ሰው ናቸው?» ስትል መልሳ ጠየቀችኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ልጅቷን አልታዘብኋትም። እኔም ብሆን ይህን ስም የሰማሁት ትምህርቴን ጨርሼ ደመወዝ መቀበል ከጀመርሁ በኋላ ነው። ነገር ግን ያች ልጅ በዚያ ማለዳ ደብተር ይዛ በታክሲ ለመሄዷ ምክንያት ከሆኑት ሰዎች አንዷን አለማወቋ ከነከነኝ። ልነግራት ስጀምርም መውረጃዋ ደረሰ። ስለዚህ ለእርሷ የጀመርሁትን ለእርስዎ ልጨርስ።

መስቀል አደባባይ ላይ ታክሲ እንቀይርና በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ሽቅብ ወደ አራት ኪሎ እንውጣ። ባለ ሰዓቱን የፓርላማ ሕንፃ ሲያዩ በዓይንዎ ምልክት ያድርጉበት፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። ከአራት ኪሎ ወደ ላይ አምስት ኪሎን፣ የብሔራዊ ሙዚየሙን በር አልፈን ስድስት ኪሎ ስንደርስ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይታየናል። በዚህ እንውረድ።

በበሩ ፊት

ከሐውልቱ ብዙም ሳይርቅ የካቲት 12 የሚባለው ትምህርት ቤት አለ። ሽማግሌዎች ግን ዛሬም «መነን» ይሉታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ይህ ነው። ስሙ የተለወጠው ከአብዮቱ በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ቀላል ነገር አልነበረም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት በየቤቱ ይነገር ነበር። የእናት ሐሳብ ልጇ ወጥና እንጀራ፣ ጥጥና እንዝርት እንድታውቅ ነው፤ የአባት ሐሳብ በጊዜ እንድትዳር ነው። ከጠቅላይ ግዛት የመጡ ልጆች እዚያው እያደሩ የሚማሩበትን ይህን ቤት መክፈት፣ በእቴጌይቱም ስም መጥራት፣ ለዚያ ተረት የተሰጠ መልስ ነበር። ሆኖም መልሱ ገና መነገር ሲጀምር ጠላት አገሩን ያዘ፤ ጅምሩም ተቋረጠ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ወደዚህ ታሪክ የሚገቡት በዚህ ላይ ነው። የተወለዱት በ1908 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በልጅነታቸው ከሚሲዮናውያን ጋር ከአገር ወጥተው በኢየሩሳሌምና በስዊስ፣ ቅዱስት ክሪሾና በተባለው ቦታ የተማሩ፣ ጀርመንኛና ሌሎችም ቋንቋዎች የሚያውቁ ሰው ነበሩ። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደውና ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር ወደ አሜሪካ በተላከው መልእክት ውስጥም ነበሩበት። እኒህ አባት ለሴቶች ልጆቻቸው የሰጡት ውርስ በዘመኑ ያልተለመደ ነው። ብዙ አባቶች ለሴት ልጅ ጥሎሽ ሲያስቡ፣ እርሳቸው ግን ልጃቸውን በአዲስ አበባ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ካስጀመሩ በኋላ ወደ ስዊስ ላኩ። ስንዱም በዚያ ቆይተው፣ በሎዛን ሥነ ጽሑፍ አጥንተው፣ ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ የተማረች፣ የከንቲባ ልጅ፣ ፈረንሳይኛ የምትናገር ወጣት ሴት በዚያ ጊዜ ምን ማድረግ ትችል ነበር? ሳሎን ተቀምጣ መጽሐፍ ብታነብ፣ ደህና ባል ብታገባ ማንም ባልፈረደባት። ስንዱ ግን አገር ሲወረር ወደ ምዕራብ ሄደው፣ በወለጋ ከተሰበሰቡት የጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተቀላቀሉ፤ የቆሰሉትን ለመርዳትም የቀይ መስቀል ቡድን አቋቋሙ። በኋላ ተያዙ። እኅታቸው የውብዳር ገብሩም የዚያ መከራ ተካፋይ ነበሩ። ከዚያም ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ተጋዙባት የኢጣሊያ ደሴት፣ ወደ አዚናራ ተወሰዱ።

አሁን ዞር ብለው ያን ሐውልት እንደገና ይመልከቱት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለሦስት ቀን ተጨፈጨፈ። የተማረው ወጣትም እየተለየ ተገደለ፤ ጠላት ያን ያህል የፈራው ነገር ትምህርት ነበርና። ዛሬ ትምህርት ቤቱ የያዘው የዚያን ቀን ስም ነው። የመሥራቿ ስም ከበሩ ላይ ቢወርድም፣ የተተካው ስም ያንኑ ታሪክ ከሌላ ወገን ይናገራል፤ ጠላት የተማሩትን ከመሬት ሊያጠፋ በነሣበት ዕለት ስም የተማሩ ልጆች ይጠሩበታል።

ቤት ሁለት ጊዜ ሲመሠረት

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ አገሩ ከሁሉ በፊት የጎደለው የተማረ ሰው ነበር። ወይዘሮ ስንዱ በደሴ በትምህርት ቤት ሥራ ካገለገሉ በኋላ ወደ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተዛወሩ፤ ቆይተውም የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህርት ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት ቤቱን የሚመሩት የውጭ አገር ሴቶች ነበሩ።

ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት እቴጌ መነን ናቸው፤ ይህን ክብር ማንም አይወስድባቸውም። ነገር ግን ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ተመሥርቶ አያበቃም። መጀመሪያ ግድግዳው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በግድግዳው ውስጥ የሚኖረው ልማድ ይቆማል። በጦርነት የተቋረጠውን ቤት፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት በኢትዮጵያውያን ልጆች ፊት ቆማ ስትመራው፣ ሁለተኛው መሠረት ያን ጊዜ ተጣለ ማለት እንችላለን። ከክፍለ ሀገር የመጣች የአሥር ዓመት ልጅ ርእሰ መምህርቷን ባየች ጊዜ፣ ዕውቀት የፈረንጅ ወይም የወንድ ብቻ አለመሆኑን ያለ ስብከት ትረዳ ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ ባለ ቅኔም ነበሩ። በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን፣ ግጥምና ተውኔት የያዘ ሥራቸውን አሳተሙ። በአማርኛ መጽሐፍ ካሳተሙ ሴቶችም ከፊተኞቹ መካከል ናቸው። ተውኔቶቻቸውን ለተማሪዎቻቸው እየሰጡ በትምህርት ቤቱ አስጫወቱ። ይህ ምን ይደንቃል? ይሉ ይሆናል። በዚያ ዘመን በአደባባይ ትያትር የሴቶችን ክፍል የሚጫወቱት ሻሽ ያሰሩ ወንዶች እንደ ነበሩ ሲያውቁ ግን ይደነቃሉ። ሴት ልጅ በሰው ፊት ቀና ብላ ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገሯ እንደ ነውር በሚታይበት ጊዜ፣ ያን ማለማመድ ከሒሳብና ከሰዋስው የማያንስ ትምህርት ነበር።

ይህም ከንቱ አልሆነም፤ ፍሬው በርእሰ መምህርቷ በራሳቸው ታየ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ በአዲስ አበባ ተወዳድረው አሸነፉ። በመንገዳችን ላይ ምልክት ባደረግንበት ባለ ሰዓቱ ሕንፃ ውስጥ፣ በሕግ መምሪያ ምክር ቤት፣ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ተቀመጡ፤ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆንም ደረሱ። በኋላም በምዕራብ ጀርመን፣ በቦን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠሩ፤ አባታቸው በወጣትነታቸው የተማሩት ቋንቋ ለልጃቸው የሥራ አገር ቋንቋ ሆነ ማለት ነው። ረጅም ዕድሜ ኖረው በ2001 ዓ.ም. አረፉ።

ከባሕር ማዶ አንዲት ሌላ ልጅ

እንዲህ ያለ ታሪክ በእኛ አገር ብቻ የተፈጸመ አይደለም። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍል፣ ኬምብሪጅ በምትባል ከተማ ሄንሪ ዎድስዎርዝ ሎንግፌሎ የሚባል ስመ ጥሩ ባለ ቅኔ ነበር። ሴት ልጁ አሊስ በ1850 እ.ኤ.አ. ተወለደች። አባቷ ስለ ልጆቹ በጻፈው ግጥም የአገሩ ሰው ሁሉ በሕፃንነቷ ያውቃት ነበር። ቤታቸው ለትልቁ ለሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ ይሁን እንጂ በሐርቫርድ በር ሴት ተማሪ አትገባም ነበር።

በ1879 እ.ኤ.አ. ሰባት ሴቶች ኮሚቴ አቋቋሙ፤ አሊስም አንዷ ነበረች። ያሰቡት ዘዴ ቀላል ነው። ዩኒቨርሲቲው ሴቶችን ካልተቀበለ፣ መምህራኑ ለወንዶች ያስተማሩትን ወጥተው ለሴቶች እንዲደግሙት አደረጉ። ይህ ትንሽ ጅምር በ1894 እ.ኤ.አ. ራድክሊፍ ኮሌጅ ተባለ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም በ1999 እ.ኤ.አ. ፈጽሞ ከሐርቫርድ ጋር ተዋሐደ። በሩ እስኪከፈት ድረስ በአጠገቡ ሌላ በር ከፍተው ጠበቁ ማለት ነው።

ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ስናያቸው ልዩነታቸው ብዙ ነው። አሊስ በሀብትና በሰላም ኖረች፤ ስንዱ በጦርነትና በእስር አለፉ። አሊስ የባለ ቅኔ ልጅ ናት፤ ስንዱ ራሳቸው ባለ ቅኔ ናቸው። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ። ሁለቱም ከአባታቸው ቤት ያገኙት ዕውቀት ለራሳቸው ብቻ እንዲቀር አልፈለጉም። አሊስ የአባቷን ስም ጌጥ አድርጋ መኖር ትችል ነበር፤ ስንዱም የሎዛን ትምህርታቸውን። ያንን አላደረጉም፤ የተቀበሉትን ለማያውቋቸው ሰዎች ልጆች አስተላለፉት።

የመልስ ጉዞ

ፀሐይ ሲበርድ ወደ ንፋስ ስልክ እንመለስ። በዚያ ሰፈር የቀለም ፋብሪካ አለ፤ ግድግዳ የሚያሳምር ቀለም ይሠራል። አባቶቻችን ግን ለትምህርትም የሰጡት ስም ይኸው ነው፤ የሚማረውን «የቀለም ልጅ» ይሉታል። የፋብሪካው ቀለም በጣሳ ይሸጣል። የትምህርቱ ቀለም ግን እንደ ንፋስ ስልኩ ነው፤ አንዱ ካልላከው ሌላው ካልተቀበለው አየር ላይ ጠፍቶ ይቀራል።

አሁን አንባቢ ሆይ፤ ጉዟችን ሳያልቅ አንድ ነገር በግልጥ ልናገር፤ አይቀየሙኝ። በንፋስ ስልክም ሆነ በላፍቶ፣ በጀሞም ሆነ በጎፋ፣ እንደ እኔና እንደ እርስዎ ያለ ደመወዝተኛ በተከራየበት ቤት ብዙ ጊዜ አንዲት ልጅ አለች። የአጎት ልጅ ትሆናለች፤ ወይም የእናታችን ጎረቤት ልጅ። ከገጠር ስትመጣ ለወላጆቿ የተነገራቸው ቃል «ላስተምራት ነው» የሚል ነበር። እናትዋም በዚህ ቃል ላይ ተማምና፣ አንዲት ነጠላ አልብሳ፣ ስማ አሰናብታታለች። ልጅቷ መጣች። የመጀመሪያው ዓመት «ከተማውን ትልመድ» ተባለ። በሁለተኛው «ሕፃኑ ትንሽ ይደግ» ተባለ። በሦስተኛው ዓመት ነገሩ አልተነሣም። ዛሬ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ የቤቱን ልጅ ደብተር ይዛ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ በሩ ላይ ስትደርስም ደብተሩን አስረክባ ትመለሳለች።

ይህችን ልጅ እኔም አውቃታለሁ። ባደግሁበት ቤት ነበረች። እኔ መብራት አብርቼ ሳጠና እርሷ ሳህን ታጥብ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን «ይህ ምን ይላል?» ብላ በደብተሬ ላይ አንድ ቃል አሳየችኝ። «አታስቸግሪኝ፤ ነገ ፈተና አለብኝ» አልኋት። ፈተናውን አለፍሁ። ቃሉ የቱ እንደ ነበረ ግን ዛሬ ላስታውሰው ብል አልቻልሁም፤ እርሷም ዳግመኛ አልጠየቀችኝም።

ስለዚህ ከዚህ ጉዞ ሲመለሱ ሐውልት እንዲያቆሙ ወይም ትምህርት ቤት እንዲመሠርቱ አልጠይቅዎትም። ያ የእቴጌና የከንቲባ ልጅ ሥራ ነው ቢሉኝም አልከራከርዎትም። ነገር ግን የማታ ትምህርት ቤት ያለበትን ጠይቀው፣ የመመዝገቢያውን ቀን አውቀው፣ ለአንዲት ልጅ ደብተርና እርሳስ ገዝተው ከምሽቱ ሥራ ሁለት ሰዓት ቢቀንሱላት፣ ያ በደመወዝዎ የሚቻል ነው። ወጡ አንዳንድ ማታ ይዘገይ ይሆናል። ሳህኑንም እርስዎ ያጥቡት ይሆናል። ከንቲባ ገብሩም ልጃቸውን ወደ ሩቅ አገር ሲልኩ ከቤታቸው አንድ ነገር ሳይጎድል አልቀረም።

ነገ ማለዳ በአንድ ሰዓት ንፋስ ስልክ መንገድ ዳር ያችን ተማሪ ቢያገኟት፣ ሰፈሯ ስለ ምን እንዲህ እንደ ተባለና ወይዘሮ ስንዱ ማን እንደ ነበሩ ይንገሩልኝ። እኔ ሳልጨርስላት መውረጃዋ ደርሶ ነበር።